ለፕሬሪ ዶግ የትኛው ጥይት? በኮሎራዶ ሜዳ የተፈተኑ የ.223 አረሮች

ለ.223 ጠመንጃ ጥይት ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ፣ ሳጥኑ ላይ ዓይን የሚስበው ፍጥነቱ ነው። 3,240 ጫማ በሰከንድ። 3,465። 3,800። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እጅ ወደዚያው ይሄዳል። እኔ ግን ለፕሬሪ ዶግ ጥይት የሚመርጥ ሰው ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ነው ማየት ያለበት ባይ ነኝ። ከዚያ በፊት የገዛ አፈሙዙን ይወቅ። የሚያድንበትን ሜዳ ነፋስ ይወቅ። አረሩ ከመታ በኋላ ምን እንደሚሆንም ይወቅ።

የምኖረው አውሮራ ነው፣ ኮሎራዶ። የማድነው ከዴንቨር በስተምሥራቅ በተዘረጋው ደረቅ ሜዳ፣ አንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ በፈቀዱልኝ መሬት ላይ ነው። ጠመንጃዬ በእጅ የሚቀባበል ቦልት አክሽን .223 ነው፤ ትዊስቱ (አፈሙዙ አረሩን የሚያሽከረክርበት ልክ) 1 በ9። የምገዛው ፋብሪካ የሞላውን ጥይት ነው፤ ባሩድና አረር እየገጠምኩ ራሴ አልሞላም። ስለዚህ የምጽፈው ሱቅ ገብቶ ሳጥን አንስቶ ለሚወጣ ሰው ነው።

ፕሬሪ ዶግ አይቶ ለማያውቅ፦ የስኩዊረል ዘመድ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ በመንደር ይኖራል። ትልቁ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳን አይሞላም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ወርዱ ከአንድ መዳፍ አይበልጥም። 300 ያርድ ላይ፣ ማለትም ከ274 ሜትር ርቀት፣ ያንን መዳፍ መምታት ነው ሥራው።

«የማይበላ እንስሳ ለምን ትገድላለህ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ተገቢ ጥያቄ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ባይጠይቅ ነው የሚገርመኝ። እኔ ያደግሁት ምዕራብ ጎጃም ነው። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ በቆሎ ጠብቄያለሁ። ከርከሮ ያደረበት ማሳ ጠዋት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ አርቢው «ላሞቼ የሚግጡት ሣር አለቀ» ሲሉኝ ነገሩ ይገባኛል። ያም ሆኖ ፕሬሪ ዶግ የሜዳው ጠላት አይደለም። ንስርና ጭልፊት ይመገቡታል። ሊጠፋ የተቃረበው ባለ ጥቁር እግሩ ፌረት ያለ እሱ መኖር አይችልም። ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩት ትንንሾቹ ጉጉቶች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት እሱ በቆፈረው ጉድጓድ ነው። እኔ የምተኩሰው አርቢው ባሳዩኝ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ አላልፍም። የተኮስኩበት እንስሳም ወዲያው መሞት አለበት። ቆስሎ ጉድጓድ ገብቶ ሲያጣጥር መዋል የለበትም። ጥይት መምረጥ ቁም ነገር የሚሆነው ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ተነስቼ መጀመሪያ «ተዉት» የምለው ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነውን፣ በወታደር ጥይት ልክ የተሠራውን ዓይነት ነው። ለልምምድ ጥሩ ነው። ርካሽም ነው። ለዚህ አደን ግን አይሆንም። ትንሽ እንስሳ ሲመታ ሳይከፈት በስቶ ያልፋል። ይባስ ብሎ ደረቅ መሬት ወይም ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። ላም አለ። የኮረኮንች መንገድ አለ። የሰው ቤት አለ።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራው አረር ሌላ ነው። ጥይት የሚሞላ አንድ ጎንደሬ ወዳጄ የጥይት አምራቹን የሆርናዲን ቪ-ማክስ አረር በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ አሳይቶኛል። ውጪው የመዳብ ልባስ ነው። ልባሱ ጫፉ ላይ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ወደ ግርጌው ሲወርድ እየወፈረ ይሄዳል። ውስጡ ለስላሳ እርሳስ ነው። አናቱ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ተሰክቷል፤ ከፕላስቲኩ ሥር ትንሽ ክፍተት አለ። አረሩ ሲመታ ፕላስቲኩ ወደ ኋላ ይገፋና እርሳሱን ይከፍተዋል። ልባሱ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው። ትንሽ እንስሳን በቅጽበት የሚገድለው ይኼ መበታተን ነው። መሬት ሲመታም ስለሚፈርስ የመንጠር ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከእንስሳው ጀርባ አረሩን የሚይዝ አፈር ከሌለ አይተኮስም፤ የትኛውም አረር ቢሆን።

አሁን ወደ አፈሙዙ። አፈሙዝ ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክሩ ጠምዛዛ ቦዮች አሉ። 1 በ9 ማለት አረሩ በየ9 ኢንቹ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል ማለት ነው። ከድሮዎቹ ቦልት .223ዎች ብዙዎቹ 1 በ12 ናቸው። በዛሬዎቹ፣ በተለይ በራሳቸው በሚቀባበሉት የኤአር ዓይነቶች፣ 1 በ8 እና 1 በ7 ይበዛሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አፈሙዙ ላይ ተቀርጿል። እዚያ ካጣችሁት የአምራቹ ካታሎግ ላይ ፈልጉት። ይህን ቁጥር ሳያውቅ ጥይት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በዕድል እያወጣ ነው።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ቀስ ብሎ የሚያዞር አፈሙዝ ረጅም አረርን ማረጋጋት አይችልም። አረሩ አየር ላይ ይዋልላል። ወረቀት ላይ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ወሳኙ ርዝመቱ ነው፤ ክብደቱ አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ እርሳስ ስለሌላቸው አረሮች ስናወራ ይጠቅመናል። በፍጥነት የሚያዞር አፈሙዝ ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለው። ስስ ልባስ ያለውን አረር አየር ላይ ሊበትነው ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን በ720 ታባዙና በትዊስቱ ታካፍላላችሁ። በሰከንድ 3,240 ጫማ የሚወጣ አረር በ1 በ12 አፈሙዝ በደቂቃ 194,400 ጊዜ ይዞራል። በእኔ 1 በ9 ደግሞ 259,200። በ1 በ7 ከ333,000 ያልፋል። በጣም ስስ የሆነ አረር ይህን አይችለውም። ተኳሹ የሚያየው መንገድ ላይ ብን የሚል ግራጫ ጭስ ነው፤ ኢላማው ግን ምንም አልነካውም። ሆርናዲ ራሱ ኤስኤክስ የሚባለውን ስሱን አረሩን ከ3,500 ጫማ በላይ አትግፉት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቪ-ማክስ ከእሱ ጠንከር ይላል።

ነፋሱ ላይ ግን ልቆይ። ብዙ ጥይት የሚያልቀው እዚያ ነው።

ምሥራቅ ኮሎራዶን የሚያውቅ ሰው ነፋሱን ያውቀዋል። ዛፍ የለም። የሚያስታግሰው የለም። ማለዳ ላይ ሜዳው ጸጥ ሊል ይችላል፤ ረፋዱ ላይ ሣሩ መተኛት ይጀምራል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ እዚህ ማንም ነፋስ አይለውም። ያው ነፋስ ግን 300 ያርድ ላይ ባለ 40 ግሬኑን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ቪ-ማክስ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይወስደዋል። ይኼ እንግዲህ 3,800 ጫማ የሚለው ፈጣኑ ጥይት ነው። በ3,240 የሚወጣው ባለ 55 ግሬን 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ3,465 የሚወጣው ባለ 53 ግሬን ደግሞ 22 ቢሆን ነው። ይህን ያሰላሁት በባሕር ጠለል አየር ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የእኛ አየር ስስ ነው፤ ሁሉም ትንሽ ይቀንሳል። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። እንስሳው መዳፍ የሚያህል መሆኑን አስታውሱ። በ30 እና በ22 መካከል ያለው ልዩነት መምታትና መሳት ነው።

እንዴት ከ55ቱ የሚቀለው 53ቱ በነፋስ ይሻላል? ቅርጹ ነው። አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ነው፤ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። ፋብሪካዎቹ ይህን በባሊስቲክ ኮፊሸንት ይለኩታል። ለ40ው 0.200 ነው፣ ለ55ቱ 0.255፣ ለ53ቱ 0.290። ቁጥሩ ከፍ ካለ አረሩ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፤ ነፋስም ያን ያህል አይጫወትበትም። ሳጥኑ ላይ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህን ቁጥር ፈልጉ። አንዳንዱ ሳጥን ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ይጽፈዋል። ካልጻፈው አምራቹ ካታሎግ ላይ አለው።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ለ.223፣ ለ1 በ9 ወይም ለ1 በ8 አፈሙዝ፣ ለሜዳ አደን፣ ባለ 53 ግሬኑ ሆርናዲ ቪ-ማክስ። ሁለት ሣጥን ጥይት ብቻ ይዘህ ሂድ ብባል የምይዘው እሱን ነው። የ1 በ12 ባለቤቶች ግን አንድ ሳጥን ብቻ ገዝታችሁ ወረቀት ላይ ሞክሩት። ቀዳዳው ክብ ከሆነ ቀጥሉ። ካልሆነ ወደ 50 ውረዱ።

ባለ 40ውን ያጣጣልኩት እንዳይመስልባችሁ። የራሱ ጸጋ አለው። ርግጫው በጣም ቀላል ነው። ሲተኩሱ ስኮፑ ከኢላማው ላይ አይነሳም፤ አረሩ የት እንዳረፈ በገዛ ዓይናችሁ ታያላችሁ። አቧራው በግራ ተነሳ? ትንሽ ወደ ቀኝ። ያለ ተመልካች ብቻውን ለሚያድን ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አየሩ በረጋበት ማለዳ፣ ከ200 ያርድ ባልበለጠ ርቀት፣ 40ው ደስ ይላል። ለጀማሪም የምመክረው እሱን ነው።

ሲየራ ብሊትዝኪንግ ሌላው ወዳጄ ነው። አረንጓዴ ጫፍ አለው፤ የሚሠራው ሴዳሊያ፣ ሚዙሪ ነው። ባለ 55 ግሬኑ በእኔ ጠመንጃ ከሁሉም ጠበብ ያለ ቡድን ይሰጠኛል። 100 ያርድ ላይ ቀዳዳዎቹ እየተነካኩ ይወጣሉ። ችግሩ ተሞልቶ የሚሸጠው እንደ ቪ-ማክስ በየሱቁ አለመገኘቱ ነው። ቪ-ማክስን ሌሎች የጥይት ፋብሪካዎችም ገዝተው ስለሚጭኑት የትም አይጠፋም። ጥይት ለሚሞላ ሰው ግን ብሊትዝኪንግን ሳይሞክር እንዳያልፍ እለምነዋለሁ።

ኖስለር ባሊስቲክ ቲፕም አለ፣ በ.22 ካሊበር (በ.223 አረር ውፍረት ማለት ነው) ብርቱካናማ ጫፍ ያለው። ኖስለር ቤንድ፣ ኦሪገን ነው። ጥሩ አረር ነው፤ ሥራው ከሁለቱ አይለይም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ባሊስቲክ ቲፕ በሚለው ስም ለአጋዘን የሚሆን ሌላ፣ ጠንካራ አረርም ይሸጣል። ሳጥኑ ላይ ቫርሚንት (ለተባይ አውሬ) የሚል መኖሩን አረጋግጡ።

አንድ ስሙን የማልጠራው፣ በትልቅ ሳጥን በጅምላ የሚሸጥ ርካሽ የቫርሚንት ጥይትም ነበር። የመጀመሪያው ሳጥን ጥሩ ነበር። ተደስቼ ሁለተኛ ስገዛ የሎት ቁጥሩ፣ ማለትም ጥይቱ የተመረተበት ዙር መለያ፣ ሌላ ነው። ያው ጠመንጃ፣ ያው ርቀት፤ ቡድኑ በእጥፍ ሰፋ። ስደውልላቸው «የተፈቀደው ልክ ውስጥ ነው» አሉኝ። ለጣሳ ይሆን ይሆናል። ለፕሬሪ ዶግ አይሆንም። በዚህ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ጥይት ከርካሽ ጥይት ይበልጣል። ስለዚህ ጠመንጃችሁ የወደደውን ስታገኙ የሎት ቁጥሩን ከሳጥኑ ክዳን ላይ አንብቡና፣ አቅማችሁ በፈቀደው ልክ ከዚያው ሎት ግዙ።

አሁን ወደ እርሳሱ ጉዳይ። ይህን ብዙ ሐበሻ አዳኝ ሲያነሳው አልሰማም፤ መነሳት ግን አለበት።

የተገደለው ፕሬሪ ዶግ ሜዳው ላይ ነው የሚቀረው። ንስር ይመጣል። ጭልፊት ይመጣል። አረሩ ደግሞ እንዳልኳችሁ ተበታትኗል፤ ደቃቅ የእርሳስ ፍርፋሪ ሥጋው ውስጥ አለ። አሞራው ሥጋውን ከነእርሳሱ ይውጠዋል። እርሳስ አእዋፍን ይመርዛል፤ ይህ አከራካሪ ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች። ኮሎራዶ ለዚህ አደን እንዲህ አላለችም። ሕጉ ባይጠይቀኝም እኔ ይከነክነኛል። ከሰማይ ወርዶ የእኔን ትራፊ የበላ ንስር በእኔ ምክንያት እንዲሞት አልፈልግም።

አማራጮች አሉ። ሆርናዲ ኤንቲኤክስ የሚባል አለው፤ በ.22 ካሊበር 35 ግሬን ነው። ባርንስ ደግሞ ቫርሚንት ግሬኔድ አለው፤ በዚሁ ካሊበር በ36 እና በ50 ግሬን ይመጣል። የባርንሱ ውስጡ የመዳብና የቆርቆሮ ዱቄት ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው። ሲመታ ወደ ዱቄትነቱ ይመለሳል። መግደሉን ይገድላል፤ በዚህ በኩል ከእርሳሱ ጋር ብወዳድረው ጎደሎ አላገኘሁበትም። ጎደሎው ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ብረቶች ከእርሳስ ስለሚቀሉ አረሩ ለክብደቱ ረጅም ይሆናል። ባለ 50 ግሬኑን በዝግታ በሚያዞር አፈሙዝ መተኮስ ትርፉ ሞላላ ቀዳዳ ነው። ባለ 36ቱ ይስማማል፤ ነገር ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ዋጋውም ከፍ ይላል። ስለዚህ እኔ እስከ 200 ያርድ ያለውን በእነዚህ መተኮስ ይሻለኛል፤ በተለይ በብርዱ ወራት ንስሮቹ ሜዳውን ሲያዘወትሩ። ከዚያ ለሚርቀው 53ቱን አወጣለሁ። በአንድ ሻንጣ ሁለት ዓይነት ጥይት መያዝ ግን ጣጣ አለው፤ ማረፊያቸው አንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ የስኮፑን ክሊክ በቴፕ ጽፌ ሰደፉ ላይ ለጥፌያለሁ።

ስለ ሌሎቹ ካሊበሮች በአጭሩ። .204 ሩገር እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። ባለ 32 ግሬኑ በ4,225 ጫማ ይወጣል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ርግጫ የለውም ማለት ይቻላል። ከገዛችሁት ባለ 40 ግሬኑን አትለፉት፤ ነፋስ ላይ ከ32ቱ ይሻላል። .22-250 ኃይለኛ ነው፤ አፈሙዙ ግን ቶሎ ይግላል። ብዙዎቹ 1 በ14 ስለሆኑ ከ55 ግሬን በላይ አትሂዱ፤ ረጃጅሞቹን እርሳስ አልባ አረሮችም ተዉዋቸው። .17 ኤችኤምአር ደግሞ ትንሽ ናት፣ 17 ግሬን በ2,550 ጫማ። እስከ 150 ያርድ ለሚተኩስ፣ ድምፅ ለማይፈልግ፣ ኪሱን ለሚያስብ ሰው ጥሩ ናት። ነፋስ ሲነሳ ወደ መኪና መመለስ ነው።

ኮዮቴ (ቀበሮ መሰል አውሬ) ለሚያድኑ፦ ትልቅ እንስሳ ነው። 40ው ትከሻ ላይ ላዩን ፈንድቶ ሊቀር ይችላል፤ ይኼ ጭካኔ ነው። 55 ወይም 60 ግሬን ያዙ።

ስትፈትኑ አፈሙዙን አታግሉት። ከቀዘቀዘ አፈሙዝ የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት የት እንደሚያርፍ ለብቻው እወቁት፤ ሜዳ ላይ ከሁሉም በላይ የምትፈልጉት እሱን ነው። አምስት አምስት እየተኮሳችሁ አሳርፉት። በእጃችሁ ስትይዙት የሚያቃጥል ከሆነ ቡና ጠጡ፣ ተጨዋወቱ፣ ይቆይ።

ጀማሪዎች ደግሞ ከጥይቱ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። ኮሎራዶ ውስጥ የትንሽ አውሬ ፈቃድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት መውሰድ አለበት። በሕዝብ መሬት ላይ ከሆነ የሚዘጋበት ወቅት አለ፤ የዓመቱን ደንብ አንብቡ። ጉጉቶቹ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው በሩቁ ከፕሬሪ ዶግ ጋር ይመሳሰላሉ፤ በስኮፕ በደንብ ሳታዩ ጣታችሁን ወደ ቃታ አታስገቡ። የሞተውንም በባዶ እጅ አትንኩ። ቁንጫው ፕሌግ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ልጆችና ውሻ ይዞ የሚወጣ ሰው ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ ይንገር።